የአንባቢያን ደብዳቤ ገጽ

አዲስ የታተመ ወረቀት ሽታ ድሮ ደስ ይለኝ ነበር። ዘንድሮ ግን መጽሔቱ በመንገዱ በር የፖስታ ቀዳዳ ሾልኮ ምንጣፉ ላይ ዱብ ሲል ባላነሳው እመርጣለሁ። ሻርሎይስ ሰፈር ያለው ቤታችን እንደ ብዙዎቹ የሮተርዳም የድሮ ቤቶች ከመንገዱ በር ጀምሮ ቀጥ ብሎ የሚወጣ ደረጃ አለው፤ እኔ በዚህ ጉልበቴ አንድ አንድ እያልኩ ስወርድ ባለቤቴ የሺ ከላይ ሆና «መጣ? የልጄ መጣ?» እያለች ትጣራለች። የልጄ የምትለው እንግሊዝ አገር መታተም የጀመረውን አዲስ የኮሚክስ መጽሔት ነው። በወር አንድ ጊዜ ይወጣል፤ በአንድ እትም ስድስት የተለያዩ የሥዕል ታሪኮች ይይዛል፤ ሁሉም ልብ አንጠልጥለው ያቆሙና በሚቀጥለው ወር ይቀጥላሉ። ከስድስቱ ሰዓሊዎች አንዷ ልጃችን ብሌን ናት። የሺ ደረጃው ጫፍ ላይ ከእጄ ትነጥቀኝና የልጇን ሥዕል ትፈልጋለች። እኔ የምፈልገው የመጨረሻውን ገጽ ነው። እዚያ ላይ የአንባቢያን ደብዳቤ ይወጣል፤ እሱን ገጽ እንደ ፍርድ ቤት መጥሪያ እፈራዋለሁ።

ነገሩን ሳላድበሰብስ ልናገር። ብሌን የምትስለው የአባቷን ታሪክ ነው። አንድ ወጣት ጊዜው ሲከፋበት ከአዲስ አበባ ሸሽቶ ገጠር አክስቱ ዘንድ ይሄዳል፤ አክስቱ የእህል ጎታ ውስጥ ይከቱታል፤ ፈላጊዎቹ ቤቱን ሲያተራምሱ ኮቴያቸውን እየሰማ እዚያ ጨለማ ውስጥ አሥራ አንድ ቀን ይቆያል። ጥቁሩን ቀለም እንዴት አድርጋ እንደምታነጥፈው ብታዩ! ገጹን ስትገልጡት እናንተም ትንፋሽ ያጥራችኋል። የወጣቱ ፊት ቁርጥ እኔን ነው፤ ከድሮ የመታወቂያ ፎቶዬ አይታ ነው የሳለችው፣ ጎፈሬዬ ሳይቀር። ጎታው ውስጥ የነበርኩት ግን እኔ አይደለሁም። ሽፈራው የሚባል ጓደኛዬ ነው። ይህን የምናውቀው እኔና እሱ ብቻ ነን፤ እሱ ደግሞ ከሠላሳ ምናምን ዓመት በፊት ወደ እንግሊዝ ተሻግሮ ድምፁ ጠፋ። በሕይወት ካለ ይህን መጽሔት ሳያነብ አይቀርም። ይህን የምለው በግምት አይደለም፤ ሰውዬውን ስለማውቀው ነው።

ሽፈራውን ያገኘሁት ካምፕ ውስጥ ነው። ካምፕ የምንለው የስደተኞች ማረፊያውን ነው፤ አራት ሰው በአንድ ክፍል፣ መስኮቱ ወደ ላሞች የሚያይ፣ ዝናቡ ከጠዋት እስከ ማታ የማያባራ። ያን ጊዜ ሆላንድ ገና በጊልደር ትገበያይ ነበር። ፓታት የሚሉት የተጠበሰ ድንች ከኦቾሎኒ ሶስ ጋር አንድ ጊልደር ተኩል፤ የስልክ ካርድ አሥር፤ አዲስ አበባ ደውላችሁ «ሄሎ፣ ይሰማል?» ስትባባሉ ያልቃል። የትራሙ ትኬት ረጅም ወረቀት ነበር፣ እየታጠፈ ማኅተም የሚመታበት፤ አንዳንዱ ብልጥ ሻማ ቀብቶት ማኅተሙን በጨርቅ ይጠርገውና መልሶ ይጠቀምበታል። ከዴን ሃግ ገበያ እኔና ሽፈራው አንድ ቡናማ የቆዳ ጃኬት በአሥር ጊልደር ለሁለት ገዝተን ነበር። ዚፑ እስከ ደረት ድረስ ነው የሚሄደው፣ ከዚያ በላይ እንቢ ይላል። ትከሻው በስፖንጅ የተሞላ፣ ለበስ ሲያደርጉት ሰው የሚያስመስል። ተራ ገብተን እንለብሰዋለን፤ ነገር ግን ትልቅ ቀጠሮ ያለበት ሰው ተራውም ባይሆን ጃኬቱ የሱ ነው። ይህ ሕጋችን ነበር። ካሴትም አንዲት ነበረችን፤ ስሙ ከላይዋ የተፋቀ የአንድ ዘፋኝ ካሴት፣ ቴፑ እየበላት በእርሳስ እያጠነጠንን የምናድናት። አሁን ብሌን ከዓለም ሙዚቃ ሁሉ የፈለገችውን በስልኳ ታስዘፍናለች፤ ያቺን ካሴት ግን የትም አላገኘችልኝም።

የሽፈራው ሱስ ኮሚክስ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ የባቡር ካገኘን አምስተርዳም እንሄዳለን፤ አሮጌ ዕቃ በሚሸጥበት አደባባይ፣ ከዛገ ብረትና ከወታደር ካፖርት መካከል፣ አንድ ፂማም ሆላንዳዊ በሙዝ ካርቶን ሞልቶ የድሮ የእንግሊዝ የኮሚክስ መጽሔቶች ይሸጥ ነበር። አንዱ ሃያ አምስት ሳንቲም። ሽፈራው ተንበርክኮ አቧራውን እየነፋ ይመርጣል፤ እኔ በብርድ እየዘለልኩ «አንተ ሰውዬ፣ ዕድሜህ ስንት ነው?» እለዋለሁ። እንግሊዝኛውን ያሻሻለው ከዚያ ነው፤ እኔንም በባቡር ላይ ጮክ ብሎ እያነበበ ነው ያስተማረኝ። ታዲያ ሁልጊዜ የሚጀምረው ከመጨረሻው ገጽ፣ ከአንባቢያን ደብዳቤ ነው። «ሰው ምን እንዳለ ካላየሁ ታሪኩ አይጥመኝም» ይል ነበር። ከሠላሳ ዓመት በፊት የተጻፈ የአንድ የእንግሊዝ ልጅ ደብዳቤ ላይ ቆሞ ልክ ትናንት የደረሰው ይመስል ይከራከራል። እንግዲህ እንዲህ ያለ ሰው እንግሊዝ ተቀምጦ አዲስ ኮሚክስ ሲወጣ ዝም ብሎ የሚያልፍ ይመስላችኋል?

ካምፕ ውስጥ «ኬዝህ ምንድን ነው?» ማለት «እንዴት አደርክ?» እንደማለት ነበር። ኬዝ የሚባለው ለምን እንደተሰደድክ ለመሥሪያ ቤቱ የምትናገረው ታሪክ ነው። የኔ ኬዝ ባዶ ነበር። እኔን ማንም አላሰረኝም፣ ማንም በጥፊ አልመታኝም። ለሦስት ወር ሥልጠና መጥቼ መመለሻዬ ሲደርስ ፈርቼ ቀረሁ። ጎረቤቶቼ አንድ በአንድ ሲወሰዱ አይቻለሁ፤ የመኪና ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ሁለት ዓመት ሙሉ ከአልጋዬ ተነስቼ ቆሜያለሁ። «ፍርሃት ኬዝ አይሆንም» አሉኝ የካምፑ አዋቂ ነን ባዮች። እኔም አመንኳቸው። ያ እውነተኛ ፍርሃቴ ይበቃ እንደነበረ ወይም እንዳልነበረ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ሞክሬው አላየሁማ።

ከዴን ሃግ በትራም ስኬቨኒንገን ወርደን ባሕሩን እናይ ነበር። ሽፈራው ወደ እንግሊዝ የሚሄዱትን መርከቦች መቁጠር ይወዳል። አንድ ቀን የድንጋዩ ግድግዳ ላይ ተቀምጠን፣ ፓታቱን በወረቀት ይዘን፣ ንፋሱ ሶሱን እየረጨብን፣ የጎታውን ነገር ነገረኝ። ከዚያ በፊት ለማንም ነግሮ አያውቅም ነበር። በሁለት ሳምንቱ የኔ ኢንተርቪው ደረሰ፤ የሱ ከኔ በኋላ ነበር። ጃኬቱን ሰጠኝ። ዚፑን እስከሚሄድበት ድረስ እሱ ራሱ ዘጋልኝና «በርታ» አለኝ። ጃኬቱን ለብሼ፣ ታሪኩንም ለብሼ ሄድኩ። የመሥሪያ ቤቱ ሰው ሲጠይቀኝ የኔ ቃል ቀረና የሱ ቃል ተንዶ ወጣ፤ አክስቱ፣ ጎታው፣ አሥራ አንዱ ቀን። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል፤ እኔን ግን ለጊዜው አደመቀኝ፣ ተቀበሉኝ። ሽፈራው የሱ ቀን ደርሶ ሄዶ ሲመለስ አልጋው ላይ ተቀመጠና «ይህን ታሪክ ሰምተነዋል፣ የተገዛ ታሪክ ነው አሉኝ» አለ። ስም አልጠራም። ወደኔም አላየም። ይህ ነው የገደለኝ። ክረምቱ ሲወጣ በአንድ የጭነት መኪና ተደብቆ ተሻገረ ተባለ። ጃኬቱን አልጋዬ ላይ አጣጥፎ ትቶልኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ኑሮ ነው። የሺን አገባሁ፤ ቢሮ አጸዳሁ፤ ኋላም የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሠርቼ ጡረታ ወጣሁ። ብሌን የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሳለች መምህርቷ «ወላጆቻችሁ እንዴት እንደመጡ ጠይቃችሁ ኑ» አለቻቸው። ደብተሯን ይዛ ጉልበቴ ላይ ተደገፈች። ምን ልበላት? ፋይሌ ላይ የተጻፈው ጎታው ነው። ልጄ ሌላ ነገር ተናግራ በአንድ በኩል ቢሰማስ፣ ወረቀታችንን ቢቀሙንስ ብዬ ጎታውን ነገርኳት። ዓይኗ እንዴት እንደፈጠጠ! በማግስቱ ሥዕሉን ይዛ መጣች፤ የመጀመሪያው ጎታ ያ ነበር፣ በቢጫ እርሳስ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። የኔው ግን እያደር ከበደ።

የመጽሔቱ ሁለተኛ እትም ሲመጣ የአንባቢያን ገጹ ላይ አሥር ያህል ደብዳቤዎች ነበሩ። አዘጋጁ ከስድስቱ ታሪኮች የወደዳችሁትን በተራ ጻፉልኝ፣ ያልተወደደው ይወጣል ብሎ ነበርና ሁሉም እንደ ዳኛ ሆኗል። አንድ ሽማግሌ «ከድሮዎቹ አይደርስም፣ የእግር ኳስ ታሪክ የሌለው ኮሚክስ ምኑ ኮሚክስ ነው» ብለው ተቆጥተዋል። አንዷ የሮቦቱን ታሪክ ሰድባዋለች። የብሌንን ግን አምስቱ አንደኛ ብለውታል። የሺ ገጹን ቀድዳ ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፈችው። ከመካከላቸው አንድ የዘጠኝ ዓመት ልጅ እንዲህ ብሎ ጽፏል፤ «ጎታው ውስጥ ያለው ሰውዬ የት ነው የሚሸናው?» ብሌን እየሳቀች፣ እንደ ልማዷ ሆላንድኛ እየቀላቀለች ደወለችልኝ።

«ባባ፣ ኤኽት ግን፣ እውነቱን ንገረኝ፣ የት ነበር?»

ሽፈራውን ይህን ጠይቄው አላውቅም። «ጣሳ ነበረች» አልኳት።

«ምን ዓይነት ጣሳ?»

«የዘይት ጣሳ። ነጭ።»

«ሱፐር!» አለችና ዘጋችው። በሦስተኛው እትም ላይ ጣሳዋ ወጣች፤ ነጭ፣ ከጨለማው መሀል የምታበራ፣ ከገጹ ሁሉ ዓይን የምትስብ። እንግዲህ በብሌን እጅ ያለው ውሸት የሽፈራው ታሪክ ላይ የኔ ፈጠራ የተቀጠለበት ሆነ። አንባቢዎቹ በወደዱት ቁጥር ይጠይቃሉ፤ በጠየቁ ቁጥር እዋሻለሁ።

የኛዎቹ አንባቢዎች ደግሞ ከእንግሊዞቹ የባሱ ናቸው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወንበር ዘርግተን ስንቀመጥ መጽሔቷ ከእጅ ወደ እጅ ትዞራለች። ወይዘሮ አበበች ትልቅ ሰው ናቸው፤ መነጽራቸውን አድርገው ገጹን ከሥር እስከ ላይ አዩና «ጋሽ ደምሴ፣ እርስዎ ይህን ሁሉ አሳልፈው ነው እንዲህ ዝም ብለው የሚኖሩት?» ብለው እንባቸውን ጠረጉ። ብሞት በተሻለኝ። አጠገባቸው የተቀመጠው ተክሌ ግን የቡልጋ ሰው ነው፤ አብሮኝ ሃያ ዓመት ቢሮ ያጸዳ፣ ነገር የማያልፈው ሰው።

«የጉለሌ ልጅ!» አለኝ። «ጎታ ከየት አምጥተህ ገባህበት? ጉለሌ የማውቀው ጋን ነው።»

ሰው ሳቀ። እኔም ለመሳቅ ሞከርኩ። «አክስቴ ገጠር ነበረች አልኩህ እኮ» አልኩት።

«ገጠር የት?»

«ወደ ሰላሌ።»

«ሰላሌ ሰፊ ነው፤ ሰላሌ የት?» መጽሔቷን አቀረባት። «ደግሞ ልጅህ ጎታውን የውሃ ታንከር አስመስላዋለች። ጎታ እኮ ከሥሩ እህል ማውጫ ቀዳዳ አለው። ካልነገርካት ከየት ታውቀዋለች? ወይስ አንተም አላየኸውም?»

ቀልዱ ነበር። ተክሌ ሰውን ካልነካካ እህል አይወርድለትም። እኔ ግን የሻይ ብርጭቆዬን ወንበሬ ሥር አስቀመጥኩ። «ጨለማ ነበር» አልኩት። «ምን ይታየኛል?» ወይዘሮ አበበች «ተወው እባክህ፣ የሰውን ቁስል አትነካካ» ብለው ተቆጡትና መጽሔቷን መለሰላቸው። በሜትሮ ወደ ቤት ስንመለስ የሺ እጄን ይዛ «ለምንድን ነው እንዲህ የምትንቀጠቀጠው? ዶክተሩ ጋ ቀጠሮ ልያዝልህ?» አለችኝ። ብርድ ነው አልኳት።

ከዚያ ብሌን የአንባቢዎች ስብሰባ አለ ብላ ወደ አምስተርዳም ጎተተችኝ። አንዲት ጠባብ የመጻሕፍት መደብር ውስጥ ስድሳ የሚሆን ሰው ታጭቋል፤ ገሚሱ የልጅ ልጆቼ የሚሆኑ ሆላንዳውያን፣ ጥቂት እንግሊዞች፣ ከኋላ ሦስት አራት የኛ ልጆች። የአዘጋጁ ረዳት ከእንግሊዝ መጥታ ስለ ሽያጩ ስትናገር እኔ የፊት ወንበር ላይ ተቀምጬ በሩን ነበር የማየው። ሽበት ያለው ሐበሻ በገባ ቁጥር ሽፈራው ነው እላለሁ። ብሌን «አባቴ እዚህ አለ» ስትል ሁሉም አጨበጨበ። አንዲት ልጅ እጇን አወጣችና አክስቴ ከዚያ በኋላ ምን እንደሆነች ጠየቀችኝ። ይህን እንኳ አውቀው ነበር። ሽፈራው ስኬቨኒንገን ላይ ነግሮኛል፤ እሱ ከጎታው በወጣ በማግስቱ አክስቱን ወሰዷቸው፣ አልተመለሱም። ይህን ተናገርኩና ድምፄ ተሰበረ፣ አለቀስኩ። ሰዉም አለቀሰ። ብሌን ከመድረኩ ወርዳ አቀፈችኝ። ለቅሶዬ እውነተኛ ነበር፤ የማለቅሰው ለሽፈራው ነበር፣ እነሱ ግን ለራሴ ያለቀስኩ መሰላቸው። ያን ቀን እዚያው መናገር ነበረብኝ። ስድሳ ሰው እያጨበጨበልህ «ተሳስታችኋል» ማለት የሚችል ሰው ቢኖር እግሩን እስመው ነበር።

ለሰዓሊዎቹ መጽሔቱ ከሌላው ሰው ቀድሞ ይደርሳቸዋል። ባለፈው ቅዳሜ ከምሳ በፊት ብሌን ደውላ «ባባ፣ ና። አንድ ነገር ላሳይህ» አለችኝ። ድምፅዋ እንደ ወትሮው አልነበረም። አምስተርዳም፣ ስሎተርቫርት ያለችው ቤቷ ከሮተርዳም የሁለት ሰዓት ያህል መንገድ ናት፤ መንገዱን ሁሉ ይህ ካልሆነ ያ ነው እያልኩ ሄድኩ። ታሪኳ ከመጽሔቱ ወጥቶ ይሆናል አልኩ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ቢወጣ ብዬም ተመኘሁ። ስገባ የሥዕል ጠረጴዛዋ በመስኮቱ ብርሃን ተሞልቷል፤ አርብ የምታስረክበው አምስተኛው ክፍል በእርሳስ ተጀምሮ ተዘርግቷል፣ የኔ ፊት በየሳጥኑ ውስጥ። አራተኛው እትም ደግሞ በመጨረሻው ገጽ ተገልብጦ ጠረጴዛው ዳር ተቀምጧል።

«አንብበው» አለችኝ።

መነጽሬን ረስቼዋለሁ አልኳት። አልረሳሁትም፤ ኪሴ ውስጥ ነበር። ስለዚህ እሷ አነበበችልኝ፣ በእንግሊዝኛ፣ ቀስ ብላ። ደብዳቤው አጭር ነው። መጽሔቱን ከመጀመሪያው ቁጥር ጀምሮ እንደሚያነብ ይናገራል። የሥዕሏን ጨለማ እንዳደነቀው፣ እጇ የተባረከ እንደሆነ ይገልጻል። ከዚያ እንዲህ ይላል፤ «ጣሳ ግን አልነበረም። ደግሞም ጎታው ውስጥ ሁለት ሰዎች ነበሩ። ሁለተኛው ማን እንደነበረ አባትሽን ጠይቂው።» ከሥሩ «ሽፈራው፣ ሊድስ» ተብሎ ተፈርሟል።

ወንበሩን ይዤ ተቀመጥኩ። ይኖራል ማለት ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሞቶ ይሆናል እያልኩ ነበር፤ አንዳንዴ፣ ላውጣው፣ ሞቶ በሆነ እያልኩም ነበር። አሁን ሊድስ ተቀምጦ፣ መነጽሩን አድርጎ፣ ፊቴን በሱ ጎታ ውስጥ ሦስት ወር ሲያይ ኖሯል።

ብሌን መሬቱ ላይ ቁጭ ብላ ሁለት እጄን ያዘች። ዓይኗ ውስጥ ምንም ጥርጣሬ አልነበረም። «ባባ፣ ሁለት ነበራችሁ? ለምን አልነገርከኝም?» አለችኝ። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ሞቷል እንዴ? እዚያው ውስጥ ሞቶ ነው? ስለሚከብድህ ነው የተውከው? ሁፍት ኒት፣ ግድ የለም ባባ፣ ካልፈለግክ አትንገረኝ።»

መውጫው በር ይኸውላችሁ ተከፍቶ ቆመ። «አዎ» ብል በቃ ነበር። የአጎቴ ልጅ ነበር ብል፣ ስሙን እንኳ አዘጋጅቼ ነበር፤ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሷል። ልጄ ታምነኛለች፣ ትስለዋለች፣ እንግሊዞቹም ያለቅሳሉ። ነገር ግን በዚያች ደቂቃ ስኬቨኒንገን ፊቴ ላይ መጣ። ሽፈራው ታሪኩን ሲነግረኝ አንድ ቦታ ላይ ቆሞ ነበር። ስድስተኛው ቀን ላይ። ዝም አለ፣ ረጅም ጊዜ፣ ዓይኑን ከባሕሩ ሳይነቅል። እኔ «ከዚያስ?» አልኩት። ምን ሆንክ አላልኩትም፣ ከዚያስ ነው ያልኩት፤ ያኔውኑ ታሪኩን እንደ ዕቃ እያየሁት ነበር ማለት ነው። እሱም «ከዚያማ ወጣሁ» ብሎ ዘለለው።

«ብሌን» አልኳት። «እኔ ጎታ ውስጥ ገብቼ አላውቅም።»

መጀመሪያ ሳቀች። ቀጥሎ ፊቴን አየችና እጇን ቀስ ብላ ከእጄ አወጣች። ሁሉንም ነገርኳት፤ ጃኬቱን፣ ኢንተርቪውን፣ አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ የተናገረውን፣ የመምህርቷን ጥያቄ። ጣሳዋን እኔ እንደፈጠርኳት ነገርኳት። ስጨርስ ተነስታ ወጥ ቤት ገባችና ቧንቧውን ከፈተች፤ ውሃው ሲወርድ ይሰማኛል፣ የምትቀዳው ነገር ግን አልነበረም። ተመልሳ ስትመጣ ከጠረጴዛው ወዲያ ማዶ ቆመች።

«እና እስካሁን ማንን ነው የሳልኩት?»

«ሽፈራውን። ፊቱን ግን የኔን አድርገሽ።»

«ማር ባባ!» ብላ ጮኸች፣ ግን እኮ ለማለት። «ስሜ ነው ያለበት! ለዚህ ሥራ ሥራዬን ትቻለሁ! ሰው ፊት አቅፌህ አልቅሻለሁ! አርብ ለአዘጋጁ ምን ልበለው? ይቅርታ፣ አባቴ የሰው ታሪክ ሰርቆ ነው ልበለው?»

«በይው።»

«ቀላል አደረግከው!»

«ቀላል አይደለም። ግን በይው። ወረቀቴን ቢቀሙኝም ይቀሙኝ።»

ይህን ያህል ስትቆጣኝ አይቻት አላውቅም። ወዲያ ወዲህ ተመላለሰች። አንዱን የእርሳስ ሥዕል አነሳች፣ የኔን ፊት ትኩር ብላ አየችው፣ ልትቀደው ነው ስል መልሳ አስቀመጠችው። ሠላሳ ዓመት የፈራሁት መጣና ክፍሉ ውስጥ ቆሞ አየኝ፤ እኔም አየሁት። ለመሄድ ተነሳሁ፤ ኮቴን አነሳሁ።

«የት ነው የምትሄደው? ቁጭ በል» አለችኝ። ከሥዕል ወረቀቶቿ አንድ ንጹሕ ሳበችና፣ እርሳስ ጨምራ፣ ፊቴ አኖረችው። «ሰውዬው ጥያቄ ጠይቋል። ለኔ ብሎ ይጻፈው እንጂ የጠየቀው አንተን ነው። መልስለት።»

ብሌን አማርኛ የምታነበው ፊደል እየቆጠረች ነው። ስጽፍ ትከሻዬ ላይ ቆማ ታያለች፤ ትንፋሽዋ ይሰማኛል። «ለውድ ወንድሜ» ብዬ ጀመርኩና ሰረዝኩት፤ እሱን ቃል የምጽፍበት መብት የለኝም። ለጤናህ እንደምን አለህ የሚለውንም ሰረዝኩት። ከዚያ ሳላቆም አራት መስመር ጻፍኩና እርሳሱን አስቀመጥኩ።

«ምን ይላል?» አለች ብሌን።

አነበብኩላት፦

«ሽፈራው፣ ጥያቄህ ደርሶኛል። መልሱን አላውቀውም። ታሪክህን ስወስድብህ ግማሹን ብቻ እንደወሰድኩ እንኳ አላወቅኩም ነበር። ያን ቀን ባሕሩ ዳር ዝም ስትል መጠየቅ ነበረብኝ፤ ዛሬ ልጠይቅህ። አብሮህ የነበረው ማን ነበር?»